ሳይታጠብ አይቆረጥም

ሰፈሩ አክስቴን የሚጠራት ድሪቶ ብሎ ነው። ስሙን ያወጣላት ግድግዳ የምትጋራው ልብስ ሰፊ ነው። ከመቀሱ ሥር የወደቀውን ሁሉ ስትለቅም አይቶ አንድ ቀን፣ ይቺ ሴትዮ እኔም ብወድቅ ቆራርጣ ትሰፋኛለች አለና ድሪቶ አላት። እሷም አልተቆጣችም። ድሪቶ ብርድ ያስጥላል፣ ያንተ ኮት ግን ፎቶ ከመነሳት አያልፍም ብላ መለሰችለት። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

የምትኖረው በአንድ ክፍል ነው። የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ሲሮጥ ስስ የእንጨት ግድግዳዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከኮርኒሱ የተንጠለጠሉት የጨርቅ ወፎችም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ልጅ ሳለሁ ነፍስ ያላቸው ይመስለኝ ነበር። አሁንም የላቸውም ብሎ መማል ይከብደኛል። ቅዳጁን በቀለም በቀለሙ ለይታ በባዶ የወተት ጣሳዎች ታስቀምጠዋለች፤ ቀዩ ለብቻው፣ ቢጫው ለብቻው፣ «ስሙን የማላውቀው ቀለም» የምትለው ለብቻው። ከባርኔጣ ሰሪው የምታመጣው ወፍራም የተጠቀጠቀ ሱፍ ደግሞ አልጋዋ ሥር ነው። ያ ሱፍ ሲቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም፤ ስለዚህ ለወፍ ክንፍ፣ ለአበባ ቅጠል፣ በር ላይ ለሚሰቀል ልብ እሱን የሚያህል የለም። ከቀረው ጨርቅ የትራስ ልብስ፣ የድስት መያዣ፣ ለሙሽሮች የግድግዳ ጌጥ ትሠራለች። መንገድ ላይ አብሬያት ስሄድ በየመስኮቱ ታሳየኛለች። ያ የእገሊት የድሮ ቀሚስ ነው፣ ያ ደግሞ የአስተማሪው ሱሪ፣ አሁን ዓሣ ሆኗል ትለኛለች። ሰው አንድ መንገድ እንዲህ አድርጎ ማንበብ እንደሚችል እኔ ከእሷ ነው ያወቅሁት።

ይህን ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ሰፍታለች። ኮሌታ ብቻ። እጅጌ ሰፍታ አታውቅም፣ ኪስ ሰፍታ አታውቅም፤ ሙሉ ሸሚዝ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የምታየው እንደማንኛችንም ሰው ለብሶት ሲያልፍ ነበር። ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ሌሎቹ ወንበርና መቀስ ሲሻሙ እሷ ማንም ያልፈለገውን አንድ ጆንያ የኮሌታ ቅዳጅ ተሸክማ ወጣች። ከዚያ ጆንያ የመጀመሪያዋን ወፍ ሠራች።

የሙያዋን ሕግ ያስተማረቻትም ከመጀመሪያዎቹ ወፎች አንዷ ናት። ለአንዲት አራስ ስጦታ ብላ ደረቷ ነጭ፣ ክንፏ ቀይ የሆነች ወፍ ሠርታ ሰደደች። በሳምንቱ አራሷ በሩን በርግዳ ገባች። የሕፃኑ አፍ፣ አገጭ፣ ደረት ቀይ በቀይ ነው። ልጁ ወፏን ሲጠባ ውሎ ቀለሙ ለቆ ነበር፤ እናትየው ግን ደም መስሏት እየጮኸች ነው የመጣችው። ልጁ ምንም አልሆነም። አክስቴ ግን ያንን አፍ አልረሳችውም። ከዚያ ወዲህ በእጇ የገባ ጨርቅ፣ አዲስም ይሁን አሮጌ፣ በሙቅ ውሃና በደረቅ ሳሙና ሳይታሽ፣ ቀለሙን ሳይተፋ፣ የሚሸበሸበውም ሳይሸበሸብ መቀስ አይነካውም። ሳይታጠብ አይቆረጥም ትላለች። ሰማያዊው ሳፋ ከበሩ ኋላ ሁልጊዜ እንደተዘጋጀ ነው። እንግዳ ጨርቅ ይዞ ሲገባ ገና ተቀበለች ሳይባል ሳፋው ውስጥ ነው። ሰፊው በዚህም ይቀልድባት ነበር። ድሪቶ ዘንድ መሐረብ ይዘህ አታልቅስ፣ እንባህ ሳይደርቅ ታጥብብሃለች ይል ነበር።

ልጅ አልነበራትም። ወንድሜ ነበራት።

ወንድሜ ቁመቱ ረጅም ነው። ወፎቹን ከኮርኒሱ የሚሰቅልላት፣ ከቁምሳጥኑ አናት ጣሳ የሚያወርድላት እሱ ነበር። መሰላሌ ትለው ነበር። «መሰላሌ፣ እስቲ ያቺን አረንጓዴ አውርድልኝ» ስትለው፣ እሱ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ወገቡን ይዞ፣ መሰላል ይከራያል እንጂ በነፃ አይቆምም ይላታል። አናጢ ዘንድ ይሠራ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ የሰው ቤት ኮርኒስ ሲመታ ከመሰላል ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያንን ስም ከአፏ የሰማው የለም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ያወለቀው ሸሚዝ ወንበር ላይ ቀርቶ ነበር። ስሱ፣ ግራጫ መስመር ያለው፣ አንገቱ የሳሳ። እናቴ አነሳችው፤ ከዚያ አላስቀመጠችውም። ሦስት ሳምንት አንገቷ ላይ ጠምጥማ ተኛች። ማታ ማታ ፊቷን ትቀብርበታለች። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ፣ «አለ?» እላታለሁ። «አለ» ትለኛለች። ጠረኑን ማለታችን ነው። ከዚህ ሌላ የምንነጋገረው ነገር አልነበረንም። አንዳንድ ቀን ለእኔም ታቀርብልኛለች፤ ትንሽ ላብ፣ ትንሽ የፀጉር ቅባት፣ ደግሞ ስም የሌለው የእሱ የሆነ ነገር። አንድ ሰው ሄዶ ይህን ያህሉ ወንበር ላይ መቅረቱ ይገርመኝ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ እህል የምትቀምሰው ለዚያች «አለ» ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሸሚዙ ግን ብብቱ ሥር መተርተር ጀመረ። እናቴ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌ አትይዝም። እንዳያልቅባት ፈራች። በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ራሷ ለአክስቴ ይዛላት ሄደች።

«እታለም፣ እንዳይበላሽብኝ ትንሽ ትራስ አድርጊልኝ» አለቻት። ታላቅ እህቷን እታለም የምትላት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው።

አክስቴ ፌስታሉን በሁለት እጇ ተቀበለች። ሁለቱም አላለቀሱም። ስለ ጠረኑ እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ ፀሐይ መውጣቷን ለሰው እንደማይነግሩት ሁሉ።

በማግስቱ ከሰዓት አክስቴን ላያት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላለች። የምታሸው ነገር ግራጫ መስመር አለው።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምነው አትገቢም አለችኝ ቀና ሳትል። እማዬ ያመጣችው ሸሚዝ ነው ወይ አልኳት። አዎ፣ ነገ እቆርጠዋለሁ፣ ጨርቁ ስስ ስለሆነ እንዳይሸበሸብ ብዬ ነው አለች፤ አለችና ድምፄ ምን እንደነበር እንጃ፣ እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«እማዬ እኮ የምታሸተው ነበር» አልኩ።

ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባላል። የእሷ ልብ ወንድሜን ሲያይ ሰንብቷል፤ እጇ ግን ጨርቅ ብቻ ነው ያየው። ሸሚዙን ከውሃው አወጣችና ፊቷ ላይ አደረገችው። ውሃው በአገጯ፣ በደረቷ ወረደ። ደጋግማ ሳበች። ከዚያ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብላ ውሃውን አሸተተች። ግራጫ ነበር ውሃው፣ ጥቂት አረፋ ጠርዙ ላይ። እዚያ ውስጥ ነበር ያለው፤ ሁለታችንም አወቅን። ያን ውሃ የሚደፋ ሰው ከየት ይምጣ? ሳፋውን አንስታ አልጋዋ ሥር ከሱፉ ጎን አስቀመጠችው፤ በላዩ ሰሌዳ ከደነችበት። አራት ቀን እዚያ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ውሃው የቆየ ውሃ ክፉ ሽታ ሲያመጣ፣ ግቢው ጥግ ወስዳ በቀስታ፣ በቀስታ ደፋችው።

ለእናቴ እንዳልነግር ለመነችኝ። እሺ አልኳት። ዛሬም የሚቆጨኝ ያ እሺታ ነው።

የጠፋውን ልትመልስ ተነሳች። ወንድሜ ይሠራበት የነበረው አናጢ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። የሥራ ሽርጡን ስጡኝ አለቻቸው። አናጢው አንገታቸውን ደፉ። ሽርጡ በእሱ ቦታ ለገባው ሠራተኛ ተሰጥቷል፤ በመጋዙ ጀርባ ሽርጡን ለብሶ ሲሠራ አየነው፤ ለእሱ በጣም ይረዝመዋል። ሌላ የምሰጥዎት የለኝም እትዬ፣ ሰጋቱራው ካልሆነ በቀር አሉ። ሰጋቱራውን በከረጢት ይዘን ተመለስን።

ትራሱን እንደ ሠራችው አንድም ነገር ስትሠራ አላየሁም። የቁልፎቹን መስመር መሐል ላይ አደረገችው፤ ኪሱን ሳትነካ ተወችው፤ ኮሌታውን፣ ያንን የሃያ ሁለት ዓመት ሙያዋን፣ በአንደኛው ጠርዝ አጥፋ ሰፋችው። በንጹሕ ጥጥ ሞላችውና ጥጡ መሐል ሰጋቱራውን በስስ ከረጢት አድርጋ ከተተች፤ ሁለት ጠብታ የፀጉር ቅባትም ጨመረችበት። እየሠራች በየመሐሉ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ለእኔ ታቀብለኛለች። ይመስላል እላት ነበር። ሰፊው በግድግዳው በኩል ሥራው ለማን እንደሆነ ሰምቶ ነበርና መኪናውን አላስነሳም፤ ወፎቹም ፀጥ ብለው ዋሉ።

ወሰድንላት። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ትራሱን በጭኗ ላይ አድርጋ ኪሱን ዳሰሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። የእህቷን እጅ ይዛ ሳመችው። ከዚያ ፊቷን ቀበረችበት። አክስቴ ቆማለች። እኔ መስኮቱን እያየሁ ነው።

ቀና ስትል ግንባሯ ተቋጥሯል፤ የማታውቀውን ምግብ እንደቀመሰ ሰው።

«እንጨት እንጨት ይላል» አለች።

አክስቴ ልጁ እኮ ከእንጨት ጋር ነው የሚውል አለች።

«ከሥራ ሲመጣማ እንጨት እንጨት ይል ነበር» አለች እናቴ፣ በቀስታ፣ ራሷም ገና እየደረሰችበት። «ይሄን ሸሚዝ ግን ተኝቶበት ነው ያደረው። የሥራ ልብሱን ሲለብስ ነው ያወለቀው። ይሄ ሸሚዝ እንጨት አያውቅም።»

እኔም እኮ ይህን አውቅ ነበር። ጠረኑን በአፍንጫዬ አውቀው ነበር፤ ቢሆንም አክስቴ ይመስላል ወይ ስትለኝ ይመስላል ስል ሰነበትኩ።

«አጠብኩት» አለች አክስቴ። «እጄ ለምዶ አጠበው።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እንድትጮህም ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን ትራሱን እንደገና ወደ ፊቷ ወሰደችው፤ አሁን ከሰጋቱራው ሥር፣ ከቅባቱ ሥር፣ ከሁሉ ሥር የምትፈልግ ይመስል በረጅሙ ሳበች።

«በደንብ ነው ያጠብሽው፤ ምንም የለም» አለች።

ትራሱን አልጋው ላይ በእርጋታ አስቀመጠችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ከዚያ በኋላ አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ እናቴ ቆም ትልና፣ እንዴት ዋሉ ትላታለች፤ ለልብስ ሰፊው፣ ለባለሱቁ፣ ለማንም መንገደኛ እንደምትለው። አክስቴ ደህና ይመስገን ብላ ትመልሳለች። እታለም የሚለው ቃል ከቤታችን ወጣ። በወሩ እናቴ ትራሱን በዚያው ፌስታል ጠቅልላ መልሺላት አለችኝ። ማታ ማታም «አለ?» የሚል ጠያቂ አልነበረም። ምግቧን ትበላለች፣ ትተኛለች፤ እንደታዘዘ ሰው።

አክስቴ ፌስታሉን እንዳቀበልኳት ፈታችው። መርፌዋን አነሳችና ስፌቱን መተርተር ጀመረች። ጥጡን አወጣች። ሰጋቱራውን ባዶ ጣሳ ውስጥ ገለበጠችው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ያየችውን እኔም አየሁ፤ አሥራ አንድ ቁራጭ። ቀኑን ሙሉ ስታገጣጥማቸው ዋለች። እጅጌ ሰፍታ የማታውቅ ሴት እጅጌ ከትከሻ እንዴት እንደሚጋጠም ለመጠየቅ ሰፊውን ጠራችው። መጣ፤ ቀልድ አልቀለደም። መስመሩን በጠመኔ አሰመረላትና ወጣ።

ሸሚዙን መልሶ መስፋት ሦስት ወር ፈጀባት። ሌሎቹን ሥራዎች ሁሉ አቆመች ማለት አይደለም። ወፎች አሁንም ትሠራለች፣ ስጦታ የሚያዝ አሁንም ይመጣል። ግን ጨርቅ ሲሰጧት ወደ ሳፋው አትሄድም። መጀመሪያ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋዋለች፤ ከዚያ የሰውየውን ዐይን ዐይን እያየች፣ ይታጠብ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ብዙዎቹ ይስቃሉ። ካልታጠበ ምን ይደረጋል ታዲያ ይሏታል። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ሴትዮ የልጅ ሹራብ ይዛ መጥታ ይታጠብ ወይ ስትባል የሹራቡን ጫፍ ያዘች፤ አክስቴ ሹራቡን እጥፍ አድርጋ መለሰችላት። ይሄ አይቆረጥም፣ ወደ ቤትሽ ይዘሽው ሂጂ አለቻት።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሸሚዙ አልቆ ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሩቅ ሸሚዝ ነው። ሲቀርቡት ግን ሰውነቱ ሁሉ ስፌት ነው፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ያጥራል፣ መስመሮቹም አይገናኙም። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ሙሉ ሸሚዝ ይህ ነው። ረጅም ሰው ይለብሰው ይመስል ወፎቹን ገለል አድርጋ ቦታ ሰጥታዋለች።

ከሚስማሩ አውርዳ አቀበለችኝ።

«እስቲ አንቺ አሽቺልኝ። የኔ አፍንጫ አያምንም፤ የለመደውን ነው የሚያሸተው። አለ?»

ፊቴን ቀበርኩበት። ሳሙና አለ፣ ካውያ አለ፣ የእሷ የጣቶቿ ሽታ፣ ከጣሳው የቀረ ትንሽ ሰጋቱራ። የግድግዳው ማዶ መኪና ሮጠና ቆመ።

«የለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ተቀብላኝ ሚስማሩ ላይ መለሰችው፤ ኮሌታውን በጣቷ አስተካከለች፣ እሱን ብቻ። ከዚያ ተቀምጣ የተጀመረ ክንፍ አነሳች።