በጡብ የተደፈነው መስኮት

አባቴ ሶዶ ያለውን ቤታችንን ያሠራው ከካላንደር ላይ አይቶ ነው። ካላንደሩ ላይ እንግሊዝ አገር የሚገኝ የጥንት ቤት ፎቶ ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ ማዕዘኖቹ ነጭ ድንጋይ፣ ጡቡ አንድ ረጅም አንድ አጭር እየተፈራረቀ የተደረደረ። ፎቶውን ገንጥሎ ለግንበኛው ሰጠውና «ልክ እንደዚህ» አለው። እናቴ ጣሪያው ላይ የቆመውን የጭስ ማውጫ አይታ «እዚያ ላይ ወጥተን ምን ልንቀቅል ነው?» ብላ ስለሳቀች የጭስ ማውጫው ብቻ ሳይሠራ ቀረ።

ግንበኛውም እንደታዘዘው አደረገ። ፎቶው ላይ ከመስኮቶቹ አንዱ በጡብ የተደፈነ ስለነበር፣ የእኛም የጓሮ በኩል መኝታ ቤት መስኮት ቅስት ከተሠራለት በኋላ መሃሉ በጡብ ተደፈነ። ነገሩ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ነው። እንግሊዞች ድሮ በመስኮት ብዛት ግብር ይከፍሉ ስለነበር፣ ግብሩን የሸሸ መስኮቱን ይደፍን ነበር አሉ። ለአባቴ ስነግረው «ቢሆንም ያምራል» ብሎ ዘጋኝ። እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ያናድደኝ ነበር።

እናቴ ታማ አልጋ ላይ ስትውል የተኛችው እዚያ ክፍል ነው። ከተደፈነው መስኮት ወዲያ ዳሞታ ተራራ እንዳለ ታውቃለች፤ ተወልዳ ያደገችው ተራራው ሥር ነው። ከማስተምርበት ከቤሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አባትሽን ለምኚልኝ፤ መስኮቱን ይክፈትልኝ። ዳሞታን አይቼ ልሙት» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ «የቤቱ መልክ ይበላሻል» ይላል። ሚስቱ እየሞተችበት እሱ ስለ ቤት መልክ ያወራል! እንደዚያን ሰሞን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ቆረጥኩ። መዶሻ ተውሼ «ዛሬ እከፍትልሻለሁ» ስላት ፊቷ በራ። አቧራው እንዳይበዛባት ከውጭ ልጀምር ብዬ በጠባቡ መተላለፊያ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከታመመች ወዲህ ወደዚያ ብቅ ብዬ አላውቅም። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ፣ የጎረቤት ሰርቪስ ቤት የብሎኬት ግድግዳ ቆሟል። ዳሞታ አይታይም።

አባቴ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

«ከተኛች በኋላ ነው የሠሩት። የግንባታውን ድምፅ ስትሰማ አጥራችንን እያሳደስኩ ነው አልኳት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔን ትቀየመኝ። ተራራው ከጡቡ ወዲያ ያለ ይምሰላት።»

እናቴ ከውስጥ ተጣራች። «ምነው ዝም አላችሁ? መዶሻው አይሰማኝም!»

ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኗን ከጡቡ ላይ አልነቀለችም።

«አባባ እምቢ አለ» አልኳት።

«እንደዚህ ይጨክንብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ እስከ መጨረሻዋ አብሬያት ቆየሁ። በእነዚያ ቀናት ከአባቴ እጅ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለች። እሱ ይቀዳል፣ እኔ ተቀብዬ አጠጣታለሁ።