ከሴል የወፈረ አጽም

ሽበሺ ከታቦር ሰፈር እስከ ዩኒቨርሲቲው በእግሩ የሚሄደው፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ክፍል ቁልፍ ወገቡ ላይ ሲንቃጨል መንገደኛው እንዲሰማለት ነው ይላሉ የሚያውቁት። አሥራ አንድ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርቷል። መሣሪያውን የሚወደው፣ ሰው አዲስ ቴሌቪዥን በሚወደው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ሚስቱ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አልብሶታል። የተቃወመ የለም። ውድ ዕቃ ዳንቴል ካልለበሰ ምኑን ተከበረ?

የማስተርስ ተማሪዋ ሩታ ሁለት ዓመት የለፋችባቸውን ሴሎች ይዛ መጣች። ሽፋናቸውን አጥባ አንስታ፣ አድርቃ፣ ወርቅ ቀብታቸዋለች፤ ፎቶ ልታነሳ የፈለገችው ሴሉን ከውስጥ ደግፎ የሚይዘውን የቃጫ መረብ፣ ማለትም አጽሙን ነው። ሽበሺ ዳንቴሉን የሙሽራ ቬሎ እንደሚገልጥ ቀስ ብሎ ገለጠው። ስክሪኑ ላይ የተጠማዘዘ፣ የሚያብረቀርቅ ገመድ ታየ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ፋሲል ሮጦ መጣ፣ አጨበጨበ፣ በማግስቱም ፎቶውን ባነር አሠርቶ «የሴል አጽም» ብሎ በር ላይ ሰቀለው።

ሽበሺ ባነሩ ሥር ቆሞ ጥግ ላይ ያለችውን የመለኪያ መስመር አነበበ። ገመዱ ከሴሉ ይወፍራል። ከባለቤቱ የወፈረ አጽም ደግሞ አይቶ አያውቅም። ከዳንቴሉ የረገፈ የጥጥ ክር ነው።

ዝም ቢል የሚነቃበት የለም። የሩታ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ግን ሐሙስ ነው፤ ፈታኙም ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ መስመር ማንበብ የሚችል ሰው ነው ተብሏል። ሽበሺ ሄዶ ለዶክተሩ ጥፋቱን ተናዘዘ።

«ጋሽ ሽበሺ፣» አለው ዶክተር ፋሲል፣ «ባነሩን እኮ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አይተውታል።»

«ቢያዩትም ክር ነው፣ ዶክተር።»

«እሳቸው ካዩት በኋላማ ክር አይሆንም።»

ረቡዕ ሽበሺ ዳንቴሉን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ቤት ላከ፣ ክፍሉን ወለወለ፣ ሩታን ጠርቶ እውነቱን ነገራትና የተረፋትን ናሙና አስገቡ። ሃምሳ ሺህ እጥፍ አጉልተው ሲያዩት ጭጋግ የመሰለ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ ግራጫ ድር ወጣ። ሩታ ደስ ብሏት አለቀሰች። ሽበሺ ግን፣ ወንድ ልጅ ሐቁን ይናገር ከተባለ፣ ክሩ ይበልጥ ያምር ነበር ብሎ አሰበ።

ሐሙስ ሩታ ግራጫውን ፎቶ አቅርባ አለፈች። ዓርብ ለሽበሺ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ደረሰው፤ በንብረት መዝገብ ያልሰፈረ ጨርቅ ላቦራቶሪ ውስጥ ስላስገባ ቁልፉን አምስት አባላት ላሉት ኮሚቴ እንዲያስረክብ ይላል። አስረከበ፣ ፈረመ። ከአምስቱ አንዱም የመሣሪያው ማብሪያ የት እንደሆነ አልጠየቀውም። እሱም አልነገራቸውም።