ዘግይቶ የደረሰ ኡኡታ

ሁለት የፊት ጥርሶቼን ያወለቀው የገዛ ድምፄ ነው። እንዲህ ስል ሰው «እርጅና አዞረው» ይላል። መዞሩን አልክድም፤ ጥርሱ የወለቀው ግን በዚያ አይደለም።

ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ከተማ ልብስ እየሰፋሁ አርጅቻለሁ። ከቤቴ ጀርባ ጥቂት እግር ቡና አለኝ፤ ጎረቤቶቼም እንደኔው ናቸው። ቡና ሲደርስ ሌባም አብሮ ይደርሳል። ድሮ ሌባ ያየ ሰው ኡኡ ይላል፤ የሰማ ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ ቆመጥ ያለው ቆመጡን፣ ገጀራ ያለው ገጀራውን ይዞ ይወጣል። ኡኡታ ግን ኮረብታ አይሻገርም። የጮኸው ሰው ትንፋሹ ሲያልቅ ኡኡታውም አብሮ ያልቃል።

ስልክ ሲመጣ የሰፈሩ ወጣቶች ግሩፕ ከፈቱልን። ሐሳባቸው እንድንጽፍበት ነበር። ግማሻችን ፊደል አልቆጠርንም፤ የቆጠርነውም መነጽር የለንም። የስልኩን ማይክ ተጭኖ ጮሆ ጩኸቱን መላክ እንደሚቻል ያገኘችው ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎረቤቴ ናት። ዝንጀሮ በቆሎዋ ውስጥ ገብቶባት፣ ጽፋ እስክትጨርስ ዝንጀሮው እንደማይጠብቃት ገባት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጻፈም። አንዱ ሲጮህ ሦስት ቀበሌ በአንድ ጊዜ ይወጣ ጀመር።

እኔ ደግሞ ድምፅ አለኝ። ቁመት የለኝም፣ ጉልበት የለኝም፤ ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ። ሚስቴ «እግዜር አንተን ሲሠራ ጭቃው አለቀበትና በነፋስ ሞላህ» ትለኛለች።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ለማድረቅ ያሰጣሁትን ቡና በሁለት ጆንያ አፍሶ ሞተር ላይ የሚጭን ሰው አየሁ። ስልኬን አፌ ላይ ለጥፌ ለቀቅኩት፦ «ኡኡ፣ ኡኡ፣ ሃቱ፣ ሃቱ፣ ሌባ። ቢጫ ጃኬት የለበሰ፣ ሞተር ላይ ጆንያ የጫነ። ያዙት፣ እንዳያመልጣችሁ፣ በሉት።» ከዚያ ሳል መጣብኝና ጣቴን አነሳሁ።

ድልድዩ ጋ ያዙት። እኔ ስደርስ ፊቱ ፊት መሆኑ ቀርቶ ነበር። አፉ ውስጥ ጭቃና ደም ተቀላቅሏል፤ አንድ እግሩ ማጠፊያው ባልሆነ ቦታ ታጥፏል። የጨርቅ መለኪያ እንጨቴን ይዤ ነበርና እኔም ሁለቴ አሳረፍኩበት። የወደቀ ሰው መምታት ለእኔ ቁመት ይመቻል። ፖሊስ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ ወሰደው። እኔም ቡናዬን አስጭኜ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ጩኸቴ ግን ቤቱ አልገባም። ወጣቱ ለሳቅ፣ አዋቂው ለማስጠንቀቂያ እያለ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ አሳለፈው። የትና መቼ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ደግሞስ ቢጫ ጃኬት ማለት ምን ማለት ነው? ከጅማ እስከ አሰንዳቦ ሞተር የሚነዳው ግማሹ የሚለብሰው እሱን ነው። ልብስ ሰፊ ሆኜ እንኳ «ግራ ኪሱ የተቀደደ» ማለት አቃተኝ።

ሐሙስ ልጄን ልጠይቅ አሰንዳቦ ሄድኩ፤ ገበያ ነበር። መንገድ ዳር ሻይ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ ያለ በርበሬ ነጋዴ ለቀናት ዘግቶት የከረመውን ኔት ከፈተ። ስልኩ ሲንጫጫ ቆየና ከመጣለት መሐል አንዱን ነካው። ኡኡ፣ ኡኡ፣ ሃቱ፣ ሃቱ። ከወዲያ ሌላ ስልክ ተቀበለው፤ ከዚያ ሌላ። ሰው ዱላውን አነሳ። እኔም ሻዬን ደፍቼ ተነሳሁና ሮጥኩ። የራሱን ድምፅ ከስልክ ሲሰማ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አላወቅኩም። እንዲያውም «አቤት ድምፅ፣ ይሄ ጀግና ማነው?» እያልኩ ነበር የምሮጠው።

ፊት ለፊታችን ቢጫ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ሞተሩ ላይ ጆንያ ጭኖ፣ መንገድ እስኪለቀቅለት ቆሟል። የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮው ላይ አረፈ። ከነሞተሩ ወደቀ። ሞተሩ እግሩን እንደተጫነው ቆመጡ ወረደበት፤ ክንዱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ከሰው ጫጫታ በላይ ተሰማኝ። ጆንያው ተቀደደ። የፈሰሰው በቆሎ ነበር።

ያኔ ከጎኔ ያለው ስልክ «በሉት» አለና ሳለ። ያቺን ሳል አውቃታለሁ። ሚስቴ ቤት መኖሬን የምታውቀው በእሷ ነው።

«ተዉት፣ የኔ ጩኸት ነው። የሰኞ ነው፣ ሌባው ታስሯል» አልኩ። ማን ሰምቶኝ። እንግዲህ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነውና ባለ በሌለ ኃይሌ ኡኡ አልኩ። ከሥጋ ቤቶቹ በኩል ሌላ ሃያ ሰው ቢላና ዱላ ይዞ መጣ። አያችሁ ብልሃቴን።

ሌላ ሲጠፋኝ ላዩ ላይ ተኛሁበት። እላዬ ላይ የወረደውን አልቆጠርኩትም። ጀርባዬን በቆመጥ፣ ጎኔን በጫማ፣ አፌን ደግሞ በምን እንደሆነ ሳላይ መቱኝ፤ ብቻ ጥርሶቼን ከምላሴ ሥር አገኘኋቸው። ከሥሬ ያለው ሰው ሲተነፍስ ደሙ አፍንጫው ላይ አረፋ ይሠራል።

አንዲት ጨው ነጋዴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ሰው ጥሳ ገባች። «ቆዩ፣ ማሎ፣ እባካችሁ ቆዩ። ስልኩ ውስጥ የሚጮሁት እኮ እኚህ ሽማግሌ ናቸው።»

ዱላው ቆመ። ቆመጥ የያዘ ጎረምሳ አጎንብሶ አየኝ።

«አባባ፣ የጮሁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሌባዎ ይሄ ነው?»

ያ ሁሉ ሰው አፌን ያያል። ከሥሬ ያለው ሰው ትንፋሹን ያዘ።

«አይደለም። የኔ ሌባ ሰኞ ተይዟል።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ።»

«ነው።»

«ታዲያ የሰኞን ሐሙስ ምን ያስጮህዎታል?» ብሎ ጎኔን አንድ ረገጠኝ። ይቺ ትገባኝ ነበር፤ አልተከራከርኩም። ሌላው ቆመጡን እየጣለ፣ የመታ ሌላ ሰው ይመስል እያዘነ ተበተነ።

ሰውየውን ጅማ አሳከሙት። ግራ ጆሮው እንደማይሰማ ነገሩት። ሦስት ሽማግሌ ይዤ ቤቱ ድረስ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

«ይቅርታውን ሰምቻለሁ ወላሂ» አለኝ ክንዱን እንደታሰረ። «ግን አባባ፣ ድምፅዎን ከላዬ ያንሱልኝ። ፊቴን ከነደሙ ፎቶ አንስተው፣ የእርስዎን ጩኸት ከሥሩ አድርገው እያዞሩት ነው። በሞተር እህል እያመላለስኩ ነው የምኖረው። አሁን የትም ገበያ ብገባ ይገድሉኛል።»

ከስልኬ አጠፋሁት። የእኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው የጠፋው። ከዚያ በጨዋ ድምፅ፣ በርጋታ፣ ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ተናግሬ ለቀቅኩ። ሦስት ሰው ሰማው፤ አንዷ ሚስቴ ናት።

«እንዲህ አይሆንም አባባ» አለ ሰውየው ተመልሼ ስጠይቀው። «እንደዚያን ቀን ይጩሁ።»

አጠገቡ ተቀምጬ ጮህኩ፦ «ኡኡ፣ ኡኡ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የአሰንዳቦው ባለ ቢጫ ጃኬት ሌባ አይደለም። በቆሎ ነው የጫነው። እሱን የሚነካ እኔን ይንካኝ፣ ኡኡ።» በወለቀው ጥርሴ በኩል ነፋስ ያፏጫል። እሱ በደህና እጁ ስልኩን ይዞልኝ ነበር። በማግሥቱ አገር አዳረሰ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ቀንና ሰዓት ሳይናገር የሚጮህ የለም። ሽንኩርት ነጋዴዋም «ዛሬ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኡኡ፣ ዝንጀሮ» ትላለች። ዝንጀሮው እስከዚያ አንድ ሁለት ዛላ ይጨምራል።

ሰውየው ክንዱ ሲጠና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰማያዊ ጃኬት ልስፋልህ ብለው «ልብሴ ምን አጠፋ?» ብሎ እንቢ አለኝ። ስልኩን መሪው ላይ አሥሮ፣ ገበያ ሊገባ ሲል ድምፁን ጥግ ድረስ ከፍቶ ጩኸቴን ይለቀዋል። ሰው ይስቃል፣ መንገድ ይለቃል። አንድ ጊዜ ግን ጩኸቱ ሳያልቅ ከኋላ በድንጋይ ትከሻውን ብለውታል።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ ሞተሩን አቆመ። ስልኩ ዝም ብሏል።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

ደህና ጆሮውን አዙሮ ሰማኝ። «ደህና ነው አባባ። ዛሬ ያለ እርስዎ ልሞክረው ብዬ ነው።»

እንዳይሄድ ልይዘው እጄን ዘረጋሁ፤ ቀድሞኝ ሄደ። የስፌት መኪናዬን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ገበያው መሐል ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። መጥረቢያ የተሸከመ አንድ ሰው ቆም ብሎ አየው። ከኪሱ ስልክ አወጣ፣ ስልኩን አየ፣ ቢጫውን ጃኬት አየ። አፌን ከፈትኩ፤ ኡኡ ብል ቢላና ዱላ የያዘ ሃያ ሰው እንደምጠራበት ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተና መጥረቢያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መንገዱን ለቀቀለት።