የወገብ ማይል

ትኬት ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። እኔ የምጠይቀው ፊደሉን ነው። አንድ አውሮፕላን ውስጥ፣ አንድ ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንኑ ዶሮ በሩዝ እየበሉ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች፣ ትኬታቸው ላይ ያለው ፊደል ይለያያል። አንዱ የበረረውን ርቀት ሙሉ ማይል ያገኝበታል፤ ሌላው ሩቡን አያገኝም። ርካሹን የገዛው ሰው ግን ብልጥ ነኝ ብሎ ተደላድሎ ይተኛል። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያ ተኝቻለሁ።

የምነግደው መጋረጃ ነው። ጨርቁን ከቻይና፣ ከጓንጁ አመጣለሁ፣ አንዳንዴም ከኢስታንቡል። ሱቄ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ ለገሃር ወርጄ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገባሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማሩኝ ደላላ፣ የጉምሩክ ሰልፍና የአየር ማረፊያ ወንበር ናቸው። በማይል ነገር ግን ማንም ቢመጣ አልፈራም።

ማይል ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ አየር መንገዱ ደንበኛው በበረረ ቁጥር በስሙ የሚይዝለት ነጥብ ነው። ሲጠራቀም ትኬት ይሆናል። ይህን የሰማን ጊዜ እኛ የካዛንቺስ ነጋዴዎች ነገሩን ወዲያው እቁብ አደረግነው። ሌላ ምን እናድርገው? ጥቂት ሆነን አብረን ስለምንበር፣ ሁላችንም ትኬት ስንቆርጥ የአንድ ሰው የአባልነት ቁጥር እንድንሰጥ ተስማማን። እጣ የወጣለት ሰው ቁጥሩን ያመጣል፣ የሁላችንም ማይል እሱ ላይ ይገባል፣ እሱ በነፃ ይሄድና ተራው ለሚቀጥለው ይደርሳል። የመጀመሪያው እጣ የወጣው ለእኔ ነበር። ለእጣው ለስላሳ ጋብዣለሁ።

አንድም ማይል አልገባም። ማለቴ የራሴ ብቻ ገባ። ማይል በስም ነው፤ የተሳፈረው ሰውና የቁጥሩ ባለቤት አንድ ካልሆኑ ሲስተሙ ይተፋዋል። እኛ ደግሞ ያደግነው ሁሉም ነገር በጋራ ቋት ይገባል ብለን ነው፤ ገንዘብ ከገባ፣ እህል ከገባ፣ ማይል የማይገባበት ምክንያት አልታየንም። የእቁቡ ዳኛ የነበሩት ሽማግሌ ጉዳዩን በአንድ ቃል ዘጉት። «አየር ላይ የጣልነውን እቁብ ማን ያውርድልን» አሉ፤ ሁላችንም ወደ ሥራችን ተመለስን።

እኔ ግን እልህ ያዘኝና ሕጉን እየጠየቅሁ ተማርኩት። ማይልን ለሌላ ሰው ማዘዋወር ይቻላል፣ ግን ያስከፍላል። በራስ ማይል ለሌላ ሰው ትኬት ማስቆረጥ ግን ይቻላል፣ ማንም አይከለክልም። ማይል ዕድሜ አለው፤ ጊዜው ካለፈ ይጠፋል። ቀጥሎ ደግሞ የባንኩ ካርድ መጣ። በካርዱ በከፈልኩ ቁጥር ነጥብ ይሰጠኛል፣ ነጥቡን ወደ ማይል አዘዋውራለሁ። ሆቴሉ በካርድ፣ ጨርቁ በካርድ፣ ትኬቱም በካርድ። ትኬቱን ስገዛ አንዴ እሰበስባለሁ፣ ስበርበት ሁለተኛ እሰበስባለሁ። ቄራ ያሉት ሥጋ ሻጮች እንኳ ከአንድ በግ ሁለት ቆዳ አይገፍፉም። እኔ እገፍፍ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከልብስ ሰፊው ነው። የማመጣውን ጨርቅ መጋረጃ አድርጎ የሚሰፋልኝ ሰው ከካዛንቺስ ጀምሮ ጎረቤቴ ነው። ስወርድ አብሮኝ ወረደ፤ ለገሃርም የስፌት መኪናውን ከሱቄ ጋር በአንድ ግድግዳ አዋስኖ ተከለ። እናቱ ድሮ ከሱቃችን ጀርባ ነበር የሚኖሩት፤ አሁን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ በታክሲ ይመጡና ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው የተዛነፈ ስፌት ሲያዩ ይቆጡት ነበር።

ከዚያ መቆጣት ተዉ። መጀመሪያ እርጅና ያለሰለሳቸው መስሎን ደስ ብሎን ነበር። ለካ ስፌቱን ማየት አቅቷቸው ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላቸው፤ ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሃል የሚመጣ። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልሰውም። እሳቸው አላለቀሱም፤ ለልጃቸው አንድ ነገር ብቻ ነገሩት። ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይዘጋ ዑምራ ሄደው ካዕባን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ።

ልጃቸው ለዚህ ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ነው፤ ግን የሱቁ መፍረስና አዲሱን ቦታ ማደስ ግማሹን በላበት። የቪዛውን፣ የማረፊያውንና አጅቧቸው የሚሄድበትን የራሱን ትኬት ሸፍኗል፤ የእናቱ ትኬት ቀረ። ላበድርህ እንዳልለው እናቱ በብድር አይሄዱም። ልስጥህ እንዳልለው እሱ አይቀበልም፤ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ዓይኑ ይሰበራል ባይ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ማይል እንዳለኝ ነገርኩት። በነጥብ መካ ይኬዳል ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ጓንጁ ከተኬደ መካማ ቅርብ ናት አልኩት። ገንዘብ ስላልሆነ እሺ አለ። በሚቀጥለው ዓርብ እናቱን ወደ እኔ ሱቅ አመጣቸው።

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ግን ሰው በሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ ዝም አይልም። እማማ ይሄ ማይል የሚሉት ከየት እንደሚመጣ ጠየቁኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከእቁቡ እስከ ካርዱ፣ ሁለቱን ቆዳ ሳይቀር አስረዳኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ። አሁን ከፊት ለፊታቸው ያለውን ብቻ ስለሚያዩ፣ ሲያዳምጡ ሰውን ቀጥ አድርገው ነው የሚይዙት።

«ባንኩ ለምንድነው የሚሰጥሽ? ዘመድሽ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። ካርዱን ስጠቀምበት እሱም ያተርፋል።»

«ከምን?»

«እንዲያው ከዚህም ከዚያም።»

«ዘግይተሽ የከፈልሽ እንደሆነስ?»

«ያው ያስባል።»

«ምን ያስባል?»

ልጃቸው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ ደንበኛ ሲያፋጥጠኝ ይህን ያህል ተጨንቄ አላውቅም። «ወለድ ነዋ፣ እማማ» አልኩ።

«በወለድ ክንፍማ አልሄድም» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ልጃቸው ያኔ ብዙም አልተከራከረም። ሄዶ የመስጊዳቸውን ሸህ ጠየቀ። ሸሁ ሰምተው፣ ከወዳጅ የተሰጠ ስጦታ ነው፣ እናትህን ይዘህ ሂድ ብለውታል። ይህን ይዞ ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ «ሸሁ ለእኔ አዝነው ነው ያቀለሉት፣ ጉዞው የእኔ ነውና እኔው ላክብደው» ብለው መለሱ። ሸሁ ፈቀዱ፣ እማማ ከለከሉ። ልጃቸው ሁለት ቀን ሙሉ መጋረጃ ሲያጣምም ዋለ።

ዓርብ ተመልሰው ሲመጡ ግን ለኔ ጥያቄ ይዘው ነበር። ካርድ ሳይነካው፣ ቁጭ ብዬ በሄድኩበት ብቻ ያገኘሁት የለም ወይ? አለ አልኳቸው። ሁልጊዜ የማማርርበት የወገቤ ሕመም የመጣው በዚያ ነው ወይ? በዚያው ነው አልኳቸው፤ የመሃል ወንበር ላይ ስንት ሌሊት።

«እሱ የድካም ነው» አሉ። «የወገብሽን ከሰጠሽኝ እቀበላለሁ።»

ስልኬን ከፍቼ አየሁ። ማይሉ የሚቀመጠው አንድ ቋት ውስጥ ቢሆንም የመጣበት መንገድ በየተራው ተጽፏል፤ ይሄ ከበረራ፣ ይሄ ከካርድ። የበረራው ብቻ ሲደመር ለጅዳ ደርሶ መልስ ትንሽ ይጎድለዋል። ከዚያም ላይ የቆየው ክፍል በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ጊዜው ያልፋል። ካለፈ ደግሞ ጉድለቱ በአንድ ጉዞ የማይሞላ ይሆናል፤ የእማማ ዓይን ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት አይጠብቅም።

ልጃቸው ወደ ውጭ አውጥቶኝ፣ ሞልቷል በያቸውና ከካርዱ ጨምሪበት፣ በምን ያውቃሉ አለኝ። እውነቱን ነው፣ በምንም አያውቁም። ግን እኔ ነጋዴ ነኝ። ደንበኛ ይህን ጨርቅ እፈልጋለሁ ካለኝ ያንን እሰጣለሁ፣ ከሌለም የለም ነው የምለው፤ የሚመስለውን ጠቅልዬ አልሰጥም። እሳቸው የፈለጉት ዓይነት ግልጽ ነበር። «እናትህ ያዘዙትን እኔው ሄጄ አመጣለሁ» አልኩት።

አሁን ጨርቅ ፍለጋ የሚበር ሰው ብዙ የለም። ጓንጁ ያለው ደላላ በስልክ ፎቶ ይልካል፣ መርጠን እናዛለን፣ ዕቃው ይጫናል። የዚያን ወቅት ግን ጨርቁን በእጄ ካልዳሰስኩ አልገዛም ብዬ ተነሳሁ። ደላላው ምን አጠፋሁ ብሎ ደንግጦ ደወለልኝ።

ካዛንቺስ ከመፍረስ በተረፈው ትኬት ቢሮ የምታስተናግደኝን ልጅ ለዓመታት አውቃታለሁ። ሙሉ ማይል የሚሰጠውን ፊደል አስመረጥኳትና፣ እጄ እንደለመደው ካርዱን አውጥቶ ሰጣት። እሷም ተቀብላ ልታስከፍልበት ስትል ነው የነቃሁት።

«መልሺልኝ» አልኳት።

«አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል። ዛሬ እንዲሠራ አልፈልግም።»

«በጥሬ ብር ልትከፍይ? ድርቡ ማይልስ?»

«ይቅር።»

አየችኝ። ያቺ ልጅ ከእኔ አፍ «ማይል ይቅር» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። ደህና ነሽ አይደል ብላ ጠየቀችኝና፣ ብሩን ስትቆጥር ሁለት ጊዜ ቀና እያለች ተመለከተችኝ። እኔም ብሆን ሁለተኛው ቆዳ በጉ ላይ ሲቀር ማየት ቀላል አልነበረም። ወጥቼ በአዲሱ ሰፊ እግረኛ መንገድ ላይ እስከ ታች ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ እንዲወጣልኝ።

በረራው እንደማውቀው ነው። አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ በግራ፣ አንድ የምትተኛ ልጅ በቀኝ፣ እኔ መሃል። አባልነቴ ከፍ ያለ ስለሆነ እግር የሚዘረጋበት ወንበር እንዳለ ነግረውኝ ነበር፤ አይ አልኩ። የወገብ ነው ብዬ ቃል ገብቼ ወገቤን ማሳረፍ አልወደድኩም። የአየር ማረፊያውን ምቹ ማረፊያ ክፍል፣ ላውንጁን፣ ግን አልተውኩም። ስለ ላውንጅ እማማ የጠየቁኝ ነገር የለም።

ጓንጁ ላይ በፎቶ ቢሆን ኖሮ የማልመርጠው አንድ ጥቁር ጨርቅ አገኘሁ፤ ከባድ፣ ሲዳሰስ የሚቀዘቅዝ፣ ብርሃን የማያሳልፍ። ከዚያ ጉዞ ያተረፈልኝ እሱ ነው። ስመለስ የመሄጃው ማይል ገብቶ ቆየኝ፣ የመመለሻው ግን አልገባም። ጠበቅሁ፤ የለም። ልጃቸው ጠዋት መኪናውን ሳይከፍት በፊት ወደ እኔ ሱቅ ብቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይመለሳል። ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ከወዲያ ያለው ሰው የመሳፈሪያ ወረቀቱን ካልጣልሽው ፎቶውን ላኪልን አለኝ። እኔ የመሳፈሪያ ወረቀት የምጥል ሴት አይደለሁም። የአሥር ዓመቱን ሁሉ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይዣለሁ፤ ባለቤቴ ስሞት አብሮኝ እንዲቀበር ነው ይላል። ላክሁ፤ ገባ። የዚያኑ ቀን በእማማ ስም ትኬቱን አስቆረጥኩ። የትኬቱ ታክስ በማይል አይከፈልም፤ እሱን ልጃቸው ከኪሱ ከፈለ። ሲከፍል ያየሁት ደስታ የእኔን ማይል ሁሉ ያስንቃል።

ከረመዳን በፊት ሄደው ተመለሱ። በተመለሱ ዓርብ፣ እማማ የዘምዘም ውሃና ቴምር ይዘው ሱቄ መጡ። እኔም ልጃቸውም ማወቅ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ካዕባ ታይቷቸው እንደሆነ፤ መጠየቁን ግን ሁለታችንም ፈራን። እሱ እዚያ ሳሉ ሊጠይቃቸው ሞክሮ ወሬ ቀይረውበት ነበር። ውሃውን ቀዱልን፣ ቴምሩን አከፋፈሉን፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ሰዉ ብዛት አወሩ። በመጨረሻ ራሳቸው አመጡት።

«የካዕባ ልብስ ጥቁር ነው ሲሉኝ ፈርቼ ነበር» አሉ። «ጥቁርማ እኔም ዘንድ አለ፣ ከዳር እየመጣ ያለው። ያንን ከዚህ መለየት ቢያቅተኝስ ብዬ።»

ልጃቸው የያዘውን ቴምር አስቀመጠ።

«ለየሁት። ያ ጨርቅ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ወርቁ ጥልፍ ላይ አረፈና ፊደሉ ሁሉ ታየኝ። አንድ የተዛነፈ ክር የለውም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ ሰፍቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠውን የእኔን ጥቁር ጨርቅ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ከዓይናቸው ፊት ለፊት አድርገው ጠርዙን ሳቡት። «ያንተ ግን ይዛነፋል።»

ልጃቸው ስንት ጊዜ ተቆጥተውታል፤ እንደዚያ ቀን ሲደሰት ግን አላየሁትም። ጨርቁን ተቀብሎ ስፌቱን መፍታት ጀመረ።

የባንኩ ማይል አሁንም አለ። እኔው እበርበታለሁ፤ እኔ እንደ እማማ ጥንቁቅ አይደለሁም። ትኬት ስገዛም ካርዴን አወጣለሁ፤ የትኬት ቢሮዋ ልጅም ተሻለሽ ወይ ትለኛለች።

የዚያን ዓርብ እማማ ሊሄዱ ሲነሱ ወገቤን ጠየቁኝ። ያው ነው፣ ያመኛል አልኳቸው።

«ዱዓ አድርጌልሻለሁ» አሉ፣ የደረጃውን መደገፊያ በእጃቸው እየዳሰሱ። «ግን ፈጽሞ እንዲድን አይደለም። ታናሽ እህቴ ገና አልሄደችም።»