አያቴ ሸክላ ሠሪ አልነበረችም

ከቡታጅራ የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ቤታችን በሰው ሞልቶ ነበር። የአክስቶቼ ልጆች ከእንሴኖ መጥተዋል፣ ከጎረቤት የቀረ የለም፣ እማዬ ቆጮውን በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ትከታለች፣ ወንድሜ «ኪሎ ይበዛል» እያለ ያወጣል፣ እሷ መልሳ ትከታለች። ባለቤቴ ነስሩ ጀርመን አገር አውቶብስ ይነዳል፤ የምሄደው ወደ እሱ ነው። አባቴ ዱዓ አድርጎልኝ ሲያበቃ ሚኒባሱ ደጃፍ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። እማዬ አቅፋኝ በጆሮዬ፣ «እዚያ ዝቅ ያለ ሥራ ከሆነ የምታገኚው ለሰው አትናገሪ። ለእኔም አትንገሪኝ» አለችኝ። የስንብት ምክሯ ይኸው ነበር።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ወር ፎቶዬን በፌስቡክ አይታችሁ ለሰደባችሁኝም ለኮራችሁብኝም ነው። የኮራችሁብኝ ይብስብኛል።

ከመሄዴ በፊት ወልቂጤ አንድ ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት መስኮት ላይ ተቀምጬ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጀርመንም ቋንቋውን እንደ ምንም ካጠናሁ በኋላ ያገኘሁት ያንኑ ነው፤ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት የስልክ ማዕከል። ስድስት ዓመት ማይክሮፎን አፌ ላይ ተለጥፎ «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ለሚል ሕዝብ መልስ ሰጠሁ። ዘይነባ የሚለው ስም ለደንበኛ ይከብዳል ተብሎ «ያና» ሆንኩ። አንዱ ሽማግሌ አነጋገሬን ሰምቶ «ከየት ነሽ?» ሲለኝ አሁን የምንኖርበትን የጀርመን ከተማ ጠራሁለት። «ከዚያ በፊትስ?» አለኝ። «ከዚያ በፊት ሌላ ሠራተኛ ነበረች፣ ላገናኝዎት?» አልኩት። እዚህ ሰው ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ በቀዝቃዛው ነው የሚያቃጥልህ፣ ልክ እንደ አየሩ። እኛ አገር ደንበኛ ይጮህና ሲወጣ «አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» ይላል። እዚህ ያቺን ቃል የሚል አላጋጠመኝም።

በመጨረሻ ሥራችንን ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ አይደክመውም፣ ስሙም ለደንበኛ አይከብድም። እኔ ጆብሴንተር ወደሚባለው የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ሄድኩ። ፍራው ሌምከ የምትባል አማካሪ ተቀበለችኝ።

«ምን ዓይነት ሥራ ይፈልጋሉ?» አለችኝ።

«የማይናገር» አልኳት።

«አልገባኝም።»

«ከማይናገር ነገር ጋር መሥራት እፈልጋለሁ። የማይደውል፣ ዕቃዬ የት ደረሰ የማይል።»

ለቀልድ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ፍራው ሌምከ ግን ምንም ሳትስቅ ጻፈችውና ኮምፒውተሯን አይታ ሦስት ነገር አወጣችልኝ። የመቃብር ድንጋይ መቅረጽ፣ ዳቦ መጋገር፣ ሸክላ። የመቃብሩን እኔ ፈራሁ፤ ዳቦው ከንጋት በፊት ስለሚጀመር ለነስሩ ፈረቃ አይመችም። ሸክላው ቀረ። «በአገርዎ ሸክላ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይሠራም» አልኳት።

ወላሂ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም። ይሠራል ብላት «ማን ይሠራዋል?» የምትለኝ መሰለኝ።

ማን እንደሚሠራው እናንተ ታውቃላችሁ። የሚጠሩበትን የንቀት ስም እዚህ አልጽፈውም። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ደስታ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቴ የሰፈሩን ሴት ሁሉ፣ ከእሷ በዕድሜ የምታንሰውን ሳይቀር፣ «እትዬ» እያለች ትጠራለች፤ ደስታን ግን በደረቁ «ደስታ» ነበር የምትላት፣ እኛም ልጆቿ እንደዚያው። በገበያ ቀን ድስቱንና ጣባውን ተሸክማ ስታልፍ ከአጥራችን ውጭ ታርፋለች። ክትፎ የምንበላበት ጣባ ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ውሃ ስትጠይቅ ግን አጥሩ ላይ ለእሷ ብቻ በምትሰቀል ቆርቆሮ ነበር የሚሰጣት። አንድም ቀን ከደጃፋችን አልፋ ገብታ አታውቅም።

ልጇ ሙሉነሽ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትማር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ተደብቄ ግቢያቸው እገባለሁ። ደስታ ጭቃውን መሬት ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ዙሪያውን እየዞረች በመዳፏ ሽቅብ ስትስበው ዕቃ ሆኖ ይነሣል። ለእኔም ቆንጥራ ትሰጠኛለች፣ እጄን ይዛ «አትጫኚው፣ ተከተይው» ትለኛለች። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ አሳለፍኩ። እማዬ የደረሰችበት ቀን ገረፈችኝና እጄን በአመድ አጠበችኝ። ከዚያ በኋላ እንኳን ግቢያቸው ልገባ፣ ዴስክም ቀየርኩ።

ያኛውስ ልጅነት ነው ይባል። ወልቂጤ ባንክ መስኮት ላይ ሳለሁ ግን ትልቅ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ሙሉነሽ ሒሳብ ልትከፍት መጣች። ገና ስታየኝ ፊቷ በራ። «ዘይነባ!» አለችኝ። አጠገቤ የአገራችን ልጆች ተቀምጠዋል፣ ቤተሰቧን የሚያውቁ። «መታወቂያዎን ይስጡኝ» አልኳት፣ እንደማላውቃት። መታወቂያዋን ሰጠችኝ፣ ፎርሙን ሞላሁላት፣ ፈረመች። ስትወጣ ባልደረባዬ «ታውቂያታለሽ?» አለኝ፤ «አላውቃትም፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ነው» አልኩት። የዚያን ወር የምርጥ ደንበኛ አስተናጋጅ ተብዬ ወረቀት ተሰጥቶኛል።

እንግዲህ ሸክላ ልማር ገባሁ። የሸክላ ቤቱ ባለቤትና አስተማሪዬ ሄር ብሩንስ የሚባል ረጅም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ጉማጅ ጭቃ ሰጥቶኝ የፈለግሽውን አድርጊ ብሎኝ ወጣ። የሚሽከረከር ጠረጴዛ ተደርድሮ ነበር፤ እኔ አጠቃቀሙን ስለማላውቅ ጭቃውን ወለል ላይ አስቀመጥኩና ጎንበስ ብዬ ዙሪያውን መዞር ጀመርኩ። እጄ ያውቀው ነበር። እኔ ረስቼው እጄ አልረሳውም። ሄር ብሩንስ ሲመለስ ወለሉ ላይ ጣባ ቆሟል። ደጋግሞ አየው፣ በጣቱ የጣባውን ከንፈር ዳሰሰ፣ ከዚያ «ማን ነው ያስተማረዎት?» አለኝ።

«ደስታ» ብለው «ማን ናት?» ይለኛል። ስለ አጥሩና ስለ ቆርቆሮው ልነግረው ነው። «አያቴ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት፣ እውነቱን ልናገር፣ የሕይወቴ ጥሩው ጊዜ ነው። በጆሮዬ የሚጮህ የለም። ብርዱ ደጅ ይቀራል፤ ምድጃው ሲግል ክፍሉ የበልግ ሽታ ይሸታል፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ የቤታችን ጓሮ። ሥራ እንደሚያስደስት እኔ ያወቅሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ለእማዬ ግን «ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ነኝ» ነበር የምላት።

ባለፈው ወር ሄር ብሩንስ ለከተማው ሰው ኤግዚቢሽን አዘጋጀና ጣባዎቼን በአንድ መደርደሪያ ላይ አሰለፈልኝ። ከሥሩ «ከአያቷ የተወረሰ ጥበብ» ብሎ ጻፈ። አንብቤው አላረምኩትም። የአካባቢው ጋዜጣ ጋዜጠኛ መጣ፣ ስለ አያቴ ጠየቀኝ፤ እኔም እፍረት የለሽ፣ የደስታን እጅ፣ የደስታን ንግግር ሁሉ ለአያቴ ሰጥቼ ተረክሁለት። «አትጫኚው፣ ተከተይው» የሚለው ርእስ ሆኖ ወጣ። አንዱ ያገራችን ልጅ ተርጉሞ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ በሁለተኛው ቀን ቡታጅራ ገባ።

እማዬ ደወለች። አሰላሙ አለይኩምም አላለችኝ።

«ዘይነባ፣ እናቴ ምን አደረገችሽ?» አለችኝ። «ሐጅ አድርጋ የሞተች ሴት ናት። ምን አድርጋሽ ነው ጭቃ ውስጥ የከተትሻት?»

ለቅሶ ቤት ሄዳ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች እየተነሡ ሌላ ቦታ እንደተቀመጡ ነገረችኝ። ታናሽ እህቴን የጠየቁት ሽማግሌዎችም ቀጠሮ አራዝመዋል። ሁሉን ነግራኝ ስታበቃ ድምጿ ወረደ።

«እስኪ ንገሪኝ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ቤታቸው ያስገቡሻል?»

«ያስገቡኛል እማዬ። በራሳቸው ኩባያ ሻይ ይሰጡኛል» አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷም ሰማችው መሰለኝ። ከዚያ «አስተባብይ» ብላ ዘጋችው።

ነስሩ ለአንድ ሳምንት ስልክሽን አጥፊ፣ ይረሳል አለኝ። እኔን ግን ያሳፈረኝ እማዬ ያፈረችበት አልነበረም። በማግስቱ ሄር ብሩንስ ጋ ገብቼ አያቴ ሸክላ ሠሪ እንዳልነበረች ነገርኩት። ያስተማረችኝ ጎረቤታችን እንደሆነች፣ ቤታችን እንደማትገባ፣ ልጇን መስኮት ላይ እንደካድኳት፣ ሁሉንም። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እስክሪብቶ አነሣ።

«ታዲያ ስሟን እንጽፋለን። ሙሉ ስሟ ማን ነው?»

ደስታ ማን? የአባቷን ስም አላውቅም። ያስተማረችኝን፣ ዕድሜ ልኬን የበላሁበትን ጣባ የሠራችውን ሴት፣ የአባቷን ስም ጠይቄ አላውቅም።

ሙሉነሽን ያገኘኋት ቴሌግራም ላይ ነው። ወልቂጤ ሱቅ አላት፤ ለአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች ጣባ ታከፋፍላለች። ስደውል «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ስለው የኖርኩትን ቃል ከእሷ አፍ ሰማሁት። ማንነቴን ነገርኳት። «ጋዜጣውን አይቻለሁ» አለች፣ ሳትቆጣ። ከዚያ ጣባውን በምን እንደምተኩሰው ጠየቀችኝ፤ በኤሌክትሪክ አልኳት፤ በኤሌክትሪክ ከሆነ ጥቁረቱን ከየት አመጣሽው አለችኝ። ስለ አፈር፣ ስለ ስንጥቅ፣ ስለ ጭስ ብዙ አወራን። ይቅር በይኝ ለማለት ነበር የደወልኩት። አፌ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። በመጨረሻ የእናቷን ሙሉ ስም ጠየቅኋት፣ ለምን እንደሆነም ነገርኳት።

«እናቴ በሕይወት አለች፣ ደህና ናት» አለችኝ። «ስሙ የእሷ ነው። ይጻፍ ካለች እደውልልሻለሁ።»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ሄር ብሩንስ የድሮውን ጽሑፍ አንሥቶታል፤ ጣባዎቹ ያለ ስም ተደርድረዋል። ሰው ሲጠይቀኝ «ገና ነው» እላለሁ።

ትናንት ስልኬ ሲጠራ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። ሙሉነሽ ናት ብዬ ሳልታጠብ አነሣሁት። እማዬ ነበረች።

«አስተባበልሽ?» አለችኝ።

«እያስተካከልኩ ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እፎይ ብላ። ምኑን እንደማስተካክል አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።