የጳጉሜው ዲስክ

ዘውድነሽ ገሠሠ ከማሽን ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ ጠቧ ሁሉ ከሰው ጋር ነበር። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ዘገዬን ይዛ ከቀረች ወዲህ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት እርሻ ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል ትሠራለች። እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ የዲስኮቹን ጠባይ የሚያውቁት እሷና የሥራ ባልደረባዋ ገመቹ ብቻ ነበሩ። ዲስክ ሲባል የዛሬው እንዳይመስላችሁ፤ የመሶብ ክዳን የሚያህል፣ በሁለት እጅ የሚነሳ ከባድ ነገር ነው። ከመደርደሪያ ይወርዳል፣ ማሽኑ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ካወቀው ይከፍተዋል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ አንድ ኤክስፐርት አዲስ ሲስተም በቴፕ ይዞ መጣ። ሁለት ቀን ሲጭን ሰንብቶ፣ ጥብሱን በልቶ፣ "ከእንግዲህ ችግር የለም" ብሎ ሄደ። ይሄን ሰውዬ ብታገኙት ችግር ምን እንደሆነ ጠይቁልኝ። ከዘጠኙ ዲስኮች ስምንቱ ተከፈቱ፤ ዘጠነኛው፣ የሠራተኛው ሁሉ ቤተሰብ ስምና ዕድሜ የተመዘገበበት፣ እምቢ አለ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ "ይህን ዲስክ አላውቀውም" ይላል። አውርደው መልሰው ጫኑት፣ ማንበቢያውን በአልኮል ጠረጉት፤ ያው ነው።

ሌላ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ከሠራተኛው ልጆች መካከል አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ተለይተው እንዲቀርቡ ትእዛዝ ወርዷል። ዝርዝሩን የሚጠብቀው የድርጅቱ ካድሬ ጓድ ኃይለየሱስ ነው።

"ዲስክ በገዛ እጁ አይታመምም" አለ።

የመጨረሻ የጫነው ገመቹ ስለነበር ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ጠዋት ላይ ክሱ አሻጥር ነበር፤ ከሰዓት በኋላ "ጠባብ" የምትል ቃል ተጨመረችበት። ያቺ ቃል የተለጠፈችበት ሰው ምን እንደሚጠብቀው አገር ያውቃል። "ዲስኩ ሲከፈት ለእሱም ይከፈትለታል" አለ ጓድ ኃይለየሱስ፤ መቀለዱ ነው።

የገመቹ ሚስት ጉዲቱ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ ድርጅቱ በር ላይ ትቆማለች። "ማሎ እትዬ ዘውድነሽ፣ የት እንዳስገቡት እንኳ ይንገሩኝ" ትላለች። ዘውድነሽ የት እንዳስገቡት አታውቅም። ተጠያቂው ዲስክ መሆኑን ብቻ ነው የምታውቀው።

በሦስተኛው ቀን የዲስኮቹን ክዳን ደርድራ እያየች ሳለ በገዛ እጇ ጽፋ ዘጠነኛው ላይ የለጠፈችው ወረቀት ላይ ዓይኗ አረፈ፤ ዲስኩ የተዘጋጀበት ቀን 3/13/79 ይላል። ጳጉሜ ሦስት። የድሮው ሲስተም በየጠዋቱ ቀን ሲጠይቅ እነሱ በሐበሻ አቆጣጠር ይነግሩታል፤ እሱም የሰጡትን ይውጣል። አዲሱ ግን ፈረንጅ ነው፣ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም። የስምንቱን ዲስክ ቀን ስምንት ዓመት ወደኋላ የቀረ መስሎት ዝም አለ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ግን በሩን ዘጋ።

ሮጣ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ዘገዬ ከብዙ ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የተወለደ ልጅ ነው፣ ስሙም የወጣለት ለዚያ ነው። በዚያች ጳጉሜ ድርጅቱ የሠራተኛ ልጆችን ጋራዥ ውስጥ ሊያሠለጥን ምዝገባ ጀምሮ፣ ዕድሜያቸው አሥራ ስድስት የሞላ ብቻ ይግቡ ተባለ። ልጇ አሥራ አራት ነበር። መዝጋቢዋ ራሷ ስለሆነች የልደቱን 1965 ወደ 1963 ለወጠችው፤ ሁለት ዓመት፣ ሁለት የጣት ምት። ልጁ ጥሩ መካኒክ ወጣው። አሁን ዲስኩ ከተከፈተ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ አሥራ ስምንት ነው።

ሁለት ቀን አፏን ዘግታ ዋለች። ገመቹ በእሷ ዝምታ ታስሮ እንደሚያድር እያወቀች እንጀራ በላች፤ ለዚህም ራሷን ተጸየፈች። በሁለተኛው ቀን ከመመሪያው መጽሐፍ ላይ መላ አገኘች፤ ቀኑን ሳያይ ዲስክ የሚያስከፍት ትእዛዝ አለ። ሰው ምሳ ሲወጣ ትከፍተዋለች፣ 63ቱን 65 ታደርጋለች፣ ከዚያ ጓድ ኃይለየሱስን ትጠራለች። ገመቹም ይወጣል፣ ዘገዬም ይተርፋል።

ዲስኩ ተከፈተ። የልጇን ስም አወጣች፣ 65 ብላ ጻፈች። ማሽኑ አልቀበልም አለ። ደግማ ጻፈች፣ አልቀበልም። መጽሐፉን ገለጠች፤ በሚቀጥለው ገጽ አንድ መስመር አለች፤ በዚህ መንገድ የተከፈተ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይነካም።

ዲስኩን አውርዳ ዝም ማለት ትችል ነበር። በመስኮቱ ጉዲቱ ትታያለች፣ ምሳ ዕቃዋን አቅፋ የበሩን ግንብ ተደግፋለች። ዘውድነሽ አለቀሰች። ከዚያ የክርስትና ወረቀቱ ቤት እንዳለ ትዝ አላት፤ ወረቀት አይተው ልጁን ይተዉታል ብላ ራሷን አሳመነች፣ ስልኩንም አነሳች።

ገመቹ በማግስቱ ወጣ። አንድ ጥርሱ ጎድሏል። "አንቺ ባትኖሪ አልቆልኝ ነበር" ብሎ ሁለት እጇን ሳመ። በሦስተኛው ቀን ዘገዬን ከነቱታው ከጋራዥ ወሰዱት።

የክርስትና ወረቀቱን ይዛ ጓድ ኃይለየሱስ ቢሮ ደረሰች። "ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው! መዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼ ነው!"

"ያኔ ነው የዋሸሽው ወይስ አሁን?"

"ያኔ! በማርያም፣ ያኔ!"

ጓድ ኃይለየሱስ አልተቆጣም። የታተመውን ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና የልጇ ስም ያለበትን ገጽ ወደ እሷ አዞረው። በገጹ ግርጌ በእንግሊዝኛ ፊደል የመዝጋቢው ስም አለ።

"ትክክለኛ ነው ብሎ ያረጋገጠው ማነው? አንብቢልኝ" አለ።

የገዛ ስሟን አነበበችለት።