በቁሙ ያለቀስንለት አባቴ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ዛሬም ድረስ እኔን ባዩ ቁጥር የሚስቁብኝ ሰዎች አሉ። ይሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ። ግን ያ ቀን ባይመጣ ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን ሳስብ ሳቄ ይቆምና ሆዴ ይባባል።

ሰናይት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ባሌ ጎባ ነው። እናታችን እኔና ታናሽ እህቴ ምህረት ልጆች ሳለን ስላረፈች ያሳደገን አባታችን ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ማኔጅመንት ተምሬ ስጨርስ እሱ የፈለገው እዚያው ጎባ መሥሪያ ቤት ገብቼ አጠገቡ እንድኖር ነበር። እኔ ግን አሻፈረኝ ብዬ አዲስ አበባ መጣሁ። ለምን ሲለኝ፣ "እስቲ ሕይወቴን ራሴ ልሞክረው" ነበር ያልኩት። "ሞክሪው" ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

አየር ጤና አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በተማርኩት ትምህርት ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሲታክተኝ፣ አንድ ጠዋት የግቢያችን ተከራይ ዘሪቱ ልጇን ታቅፋ በሬን አንኳኳች። ዘሪቱ ጉሊት አትክልት ትሸጣለች። "እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ እስከ ምሳ ያዢልኝ፤ በዚህ ዝናብ ይዣት ልቀመጥ?" አለችኝ። ያዝኩላት። በማግስቱም ያዝኩላት። በሳምንቱ የሌላ ሰው ልጅ ተጨመረ። ምን አለፋችሁ፣ ዓመት ሳይሞላ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይቼ፣ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ግድግዳው ላይ ፊደል ለጥፌ፣ አሥራ አራት ሕፃናት የማውል "ሚስ ሰኒ" ሆኜ አረፍኩት።

ሥራውን ወደድኩት። አፍንጫ መጥረግ፣ ጫማ ማጥለቅ፣ ተጣልተው ሲነካከሱ መገላገል። ለዚህ ነው ዲግሪ የያዝሽው ብትሉኝ፣ አዎ፣ ለዚህ ነው። እንደዚያ የሚያስደስተኝ ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ችግሩ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ነው። ቤቱ ጭር ይላል። እነሱ እድር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ ቸርች አላቸው። እኔ ተከራይ ነኝ። ሦስት ዓመት ኖሬ የኔ የምለው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አባዬ በደወለ ቁጥር "እዚያ ብትታመሚ ማን ያይሻል?" ይለኛል። ወሬ እቀይርበታለሁ።

ያን ሰሞን አጎቴ ጎባ ውስጥ ቋሚ ሥራ አገኘልኝ። የአባዬም ደም ግፊት ይነሣበት ጀምሯል። በቃ፣ እመለሳለሁ አልኩ። አርብ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነገርኳቸው። ሁለት ሳምንት ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።

ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ምንም። ልጆቻቸውን ታቅፈው ውልቅ አሉ። አፏ የማያርፈው ዘሪቱ እንኳ "እሺ" ብላኝ ገባች። እኔ ደግሞ ቱግ ማለት ልማዴ ነው። "ደንታም የላቸው! እኔ ነኝ ሞኟ!" እያልኩ የዚያኑ ዕለት ልብሴን ሻንጣ ውስጥ መጠቅጠቅ ጀመርኩ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ምህረት ደወለች። "አባዬን ትንሽ አሞት ሐኪም ቤት ወስደነዋል፣ አትደንግጪ..." ከማለቷ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል የሷም የአባዬም ስልክ ዝግ ነው። "አትደንግጪ" ተብሎ የማይደነግጥ ሰው ካለ አሳዩኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

እሁድ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮት ስመለከት ሦስት ሰዎች ወደኔ ክፍል እየመጡ ነው። ከፊት ያሉት የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ናቸው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ከኋላቸው ጋሽ በቀለ አሉ፤ ጋራዥ አላቸው፣ የልጅ ልጃቸው እኔ ጋ ነው የሚውለው። ሦስተኛዋ እትዬ አስቴር ናቸው። እትዬ አስቴር ቸርች ውስጥ ታማሚና ሐዘንተኛ የሚጠይቁ፣ የከፋው ሰው ቤት ሁሉ ቀድመው የሚገኙ ሴት ናቸው። ሦስቱም ፊታቸው ጥቁር ብሏል።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ዘመድ ለሰፈር ሽማግሌ ይደውላል፣ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው ያረዳሉ። እንደምንም በሩን ከፈትኩ።

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ" አሉኝ።

ከዚያ በላይ ምን እስኪሉኝ ልጠብቅ? "ወይኔ አባቴ! አባዬ ሞተ!" ብዬ ጩኸቴን ለቀቅኩት። መሬት ላይ ተዘረርኩ። ደረቴን እደቃለሁ፣ ፀጉሬን እነጫለሁ።

እነሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር። እንደዚያ ስጮህ ግን እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ከቤተሰብ ተደውሎ የሰማሁ መሰላቸው። ክፉ ሰዓት ላይ ገጥመን መጣን ብለው ደነገጡ። ጋሽ ወልዴ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ "እግዜር ያጥናሽ ልጄ፣ እግዜር ያጥናሽ" አሉኝ። ለኔ ማረጋገጫው እሱ ሆነ። እትዬ አስቴር ከመሬት አንስተው አቀፉኝና አብረውኝ ያነቡ ጀመር።

ግቢው ተናወጠ። ዘሪቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየጮኸች ወጣች። የሕፃናቱ እናቶች ከያሉበት መጡ። ከላይኛው መንደር ከሰላምታ በስተቀር አነጋግሬያቸው የማላውቃቸው ሴትዮ ሳይቀሩ መጥተው ደረታቸውን ይመታሉ። "እናት ሆነህ ያሳደግከኝ፣ ሌላ ሚስት ሳታገባ ያረጀኸው" እያልኩ ሳለቅስ ሴቶቹ ባሰባቸው። ዘሪቱማ "ወይኔ የሚስ ሰኒ አባት! ሳንተዋወቅ አመለጡን!" ትላለች። አግዳሚ ወንበር ገባ። አንዷ ሮጣ ንፍሮ ጣደች። ጋሽ ወልዴ በሥልጣናቸው የእድሩን ጥሩምባ አስነፉ፤ የሚስ ሰኒ አባት አርፈዋል ተብሎ ለሰፈሩ ተለፈፈ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሆነን አይቀርም እንዲህ ስንሆን። ከዚያ አልጋዬ ላይ የተጣለው ስልኬ ጮኸ። እኔ ማንሳት አልቻልኩም፤ ዘሪቱ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ አነሳችው። የተባባሉትን በኋላ መቶ ጊዜ ነግራኛለች።

"ሃሎ... እግዜር ያጥናችሁ፣ እኛም ሰምተናል" አለች እየተንሰቀሰቀች።

"ምኑን ነው የሰማችሁት? ማን ሞቶ ነው?" አለ ሰውየው።

"የሰኒ አባት ናቸዋ!"

"የሰኒ አባት እኮ እኔ ነኝ።"

ዘሪቱ "በስመ አብ!" ብላ ስልኩን እንደ እሳት ወረወረችው። ጋሽ በቀለ ጭን ላይ አረፈ። እሳቸው ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ሲነኩት የአባዬ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ሰኒ! ምንድነው ይሄ ሁሉ ኡኡታ?"

"አባዬ! አለህ?"

"አለሁ እንጂ፣ የት ልሂድ? ግፊቴ ከፍ ብሎ መድኃኒት ቀየሩልኝ። እዚያው አድሬ ገና መውጣቴ ነው። ስልካችን ቻርጅ ጨርሶ ነው ያልደወልነው።"

ከዚህ በኋላ የተለቀሰው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ያለቀስነው በደስታ ነው። እትዬ አስቴር "አልዓዛር! አልዓዛር ነዋ!" እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለዋል። ጋሽ በቀለ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ጋሽ ወልዴ ብቻ "ጥሩምባው ተነፍቷል እኮ! አሁን ምን ብዬ ነው የምመልሰው?" እያሉ ይጨነቃሉ። እኔ ሐፍረቴን የት ላግባው! መርዶ ሊያረዱኝ የመጡ መስሎኝ ነው ብዬ ስናገር ደግሞ ግቢው እንደገና በሳቅ ተናወጠ።

አባዬ ስልኩን አልዘጋም። "ስንት ሰው ነው ያለው?" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ግቢው ውስጥ ሰው ቆሟል። ዓይኑ ያላበጠ የለም። "ግቢው ሞልቷል አባዬ" አልኩት።

"ለእኔ?"

"ለአንተ።"

"አያውቁኝም እኮ። ለምን ያለቅሳሉ?"

እትዬ አስቴር ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው "የሷ አባት አይደሉም እንዴ ወንድሜ? ለማን ልናለቅስ ኖሯል!" አሉት።

አርብ ዕለት የተናደድኩባቸውን ሴቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዷ የለበሰችው የሌሊት ልብሷን ነው። አንዷ ነጠላ ጫማዋን አንድ እግሯ ላይ ብቻ አድርጋለች።

ጋሽ ወልዴ ያን ጊዜ ከአግዳሚው ተነሡ። ጋሽ በቀለና እትዬ አስቴርም ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙ። ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ወንድሜ፣ እንኳን እግዜር አተረፈዎ። እኛ ግን ከሞትዎ በፊት የመጣንበት ሌላ ጉዳይ ነበረን" አሉ። "ልጅዎ እሄዳለሁ ብላለች። አርብ ስትነግራቸው እናቶቹ የሚናገሩት ጠፍቷቸው ተሰብስበው እኛ ጋ መጡ። ከቅዳሴም ከቸርችም በፊት እንያዛት ብለን ለሽምግልና ነበር አመጣጣችን። አሁን ዳኛው እርስዎ ሆነዋል። ልጅዎን ይስጡን።"

ዘሪቱን አየኋት። "አርብ እኮ አፌን ብከፍት ማልቀሴ ነው" አለችኝ፤ አሁንም እያለቀሰች።

አባዬ ሽምግልና ይወዳል። ድምፁን ጎላ አድርጎ "እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቀን አይመለስም። ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" አለ።

"መልሱን ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወልዴ። ሽማግሌ መሆናቸው ነው፤ ያልተመለሰለት ሽማግሌ አይቀመጥም። ጋሽ በቀለ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚያ ጉልበታቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

አባዬ ሳቀና ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። "እኔማ አጠገቤ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር። ማን ያይልኛል ብዬ ነበር ሥጋቴ። አሁን የሚያያት እንዳለ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ የምትጠየቀው እሷ ናት። ሰኒ፣ ምን ትያለሽ?"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ጎባ ያለው ቋሚ ሥራ ትዝ አለኝ። አባዬ ያለኔ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ታየኝ፣ እሱ አሳመመኝ፤ አሁንም ያሳምመኛል። ቢሆንም ልቤ የሚፈልገውን ካወቀ ቆይቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ብቻዬን ነኝ ብዬ ነበር።

አግዳሚውን በእጄ ጠረግ ጠረግ አደረግኩና "ተቀመጡ" አልኳቸው።

እልልታው! እትዬ አስቴር "ሃሌ ሉያ" ይላሉ፣ ዘሪቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማለች፣ የተጣደው ንፍሮ ወጥቶ እየሳቅን በላነው። ጥሩምባ ሰምተው የሚመጡ ሰዎች እስከ ቀትር አላቋረጡም። በሩ ላይ ሲደርሱ ጮኸው ይገባሉ፣ ከዚያ ንፍሮ ተሰጥቷቸው ስቀው ይወጣሉ። ልጆቹ በበኩላቸው ሳምንቱን ሙሉ የተጫወቱት ለቅሶ ለቅሶ ነበር። አንዷ ትሞታለች፣ አሥራ ሦስቱ ያለቅሱላታል።

አባዬ በፋሲካ መጣ። ሰፈሩ ያለቀሰለትን ሰው ለማየት ተሰልፎ ነው የተቀበለው። ዘሪቱ ከላይ እስከ ታች አይታው "እንዲህ ደመ ግቡ መሆንዎን ብናውቅ ኖሮ አብልጠን እናለቅስልዎ ነበር" አለችው። ማረፊያው ጋሽ ወልዴ ቤት ሆነ። ሁለት ሳምንት ብሎ የመጣው ሰውዬ ወር ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ ለልጆቹ ፊደል ያስቆጥር ነበር። አሁን ጎባ ሆኖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውላል፤ ቀድሞ ስለ ልጆቹ ጠይቆ ነው ስለኔ የሚጠይቀኝ።

ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ሊሸኙት ወጡ። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ "ልጄን አደራ" አላቸው።

ጋሽ ወልዴም እጁን ጨብጠው "እርስዎም አደራ" አሉት። "ያለቀስነው ይበቃናል። ደግመው እንዳይሞቱብን።"

አባዬ እንዲያ ሲስቅ እናቴ ካረፈች ወዲህ አላየሁትም ነበር። መኪናው እስኪሰወር እጁን ሲያወዛውዝ እኔም፣ ዘሪቱም፣ እትዬ አስቴርም አለቀስን።